አሥራ አምስት የሥራ ቀን

ወረቀቱን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከሂሳብ ደብተሩ መሐል ሁለት ቅጠል ገንጥዬ፣ ከላይ በቀኝ በኩል «ጥር 27 ቀን 2012 ዓ.ም.» ብዬ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከግርጌው አራት ፊርማና አንድ የጣት አሻራ አለ። በዚያ ሌሊት የማኅተም ቀለም ከየት ይምጣ? የቲሊሏ ልጅ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀብታ ቀብታ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። መፈረም አቅቷት አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። «ፊርማ ይካዳል፣ ጣት ግን አይካድም» ብላ ነው።

ወረቀቱን ማድረስ የእኔ ፋንታ ነበር።

ያኔ ኢንጅባራ ውስጥ በአንድ ባርና ሬስቶራንት ካሸር ነበርኩ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ከጎኑ ካሉት ቤቶች በምንም አይለይም። ኢንጅባራ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት እዚያ ሲደርስ አንዱ ወደ ዳንግላና ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ታጥፎ በቻግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ፣ ከዚያም ወደ ጉባ ይወርዳል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ስንት ሲሚንቶና ብረት የጫነ ተሳቢ በደጃችን አልፏል። በፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የጫነው አይሱዙ ነበር። ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ አክስሎ፣ ከእህል አግኝቶት የማያውቀውን ብር አየበት። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ከሰል ነጋዴው፣ ደላላው፣ ሁሉም ብርድ የመታው፣ ሁሉም ኪሱ የሞቀ፣ ሁሉም ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር ነው። ነገ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ማን ያየኛል ብሎ ይፈራል?

የካሸር ወንበር ከፍ ያለ ነው። ከፊቴ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው በላይ መስታወት አለ። ሁሉንም አያለሁ፣ የማንም እጅ አይደርስብኝም። እጅ የሚደርስባቸው አስተናጋጆቹ ናቸው። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ «ማሚ» ይላል። ጉርሻውን እጇ ላይ የሚያስቀምጥ ጨዋ አይጠፋም፤ ብዙው ግን ሽርጧ ኪስ ውስጥ፣ ቀበቶዋ ሥር፣ የባሰበትም ደረቷ ውስጥ ይወትፈዋል። ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። የዚያ ሳቅ ዋጋ ስንት እንደሆነ በብርና በሳንቲም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ፊቷን ካጠቆረች ሰውየው ሂሳቡን ሳይከፍል ሹልክ ይላል፣ ያልተከፈለው ሂሳብ ደግሞ ከደመወዟ ይቆረጣል። የሚቆርጠው ማን ሆነና! በቀይ እስክሪብቶ «ጉድለት» እያልኩ የምጽፈው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአንዷ ልጅ የታኅሣሥ ደመወዝ 800 ብር ነበር። ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ የተሰበረ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ፣ ከፍለው ያልወጡ የሦስት ሰዎች እራትና ቢራ ተደምሮ 460 ብር ቆረጥኩባት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው ነገር ሁሉ ተደምሮ ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይብለጥ ይላል። 800 ለሦስት ሲካፈል 266 ከምናምን ሳንቲም ነው። ይህን ለማካፈል ማሽን አያስፈልገኝም፤ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። አዋጁን ግን ከፍቼ አላየሁትም ነበር። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል የደመወዝ ወለል ስለሌለ፣ ልጅቱ የምትኖረው በጉርሻ ነው። ጉርሻው ደግሞ በሰውየው እጅ ነው፤ እጁም የት የት እንደሚሄድ ተናግሬያለሁ።

ልጆቹ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አንዱ ጠረጴዛ ሲከፋባት «ሎሚ አለ?» ብላ ወደ ጓዳ ትጣራለች። ቤቱ ውስጥ ሎሚ ኖረም አልኖረም፣ ያን ጊዜ ሌላዋ ወጥታ ትተካታለች፤ ሁለቱም ካልቻሉ ጥበቃው ጋሽዬ ከበር መጥቶ ብርጭቆ የሚሰበስብ መስሎ አጠገባቸው ይቆማል። በኋላ እንዳነበብኩት እንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር በሚባል ግዛት በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ዘመቻ አለ፤ መጠጥ ቤት ውስጥ የተቸገረች ሴት ባንኮኒው ላይ ሄዳ «አንጄላ አለች?» ብላ ከጠየቀች ሠራተኞቹ በዘዴ ያወጧታል። ሳነብ ሳቄ መጣ። የእንግሊዟ ሴት ባንኮኒ ላይ ለቆመው ሰው ትነግራለች። የእኛዎቹ ልጆች ባንኮኒ ላይ ላለሁት ለእኔ ምን ብለው ይንገሩ? ለሥራ አስኪያጁስ የቱን ሎሚ ይጥሩ?

ሥራ አስኪያጁን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ትልቅ ሰው ነው፤ ዕድር ላይ የሚሰማ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ። ኅዳር 16 በሴት ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚወገዝበት የነጭ ሪባን ቀን ሲከበር ለምሳ የመጡ እንግዶች ሰጥተውት ሪባኗን ደረቱ ላይ ሰክቶ ሲውል አይቻለሁ። ማታ ላይ ከአስተናጋጆቹ አንዷን «ሳጥን ቁጠሪ» ብሎ ወደ ስቶር ይልካታል። ከዚያ ይከተላታል። እኔ የቢራ ቆጠራ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በአንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ፣ ስቶራችን ቢሞላ ስልሳ ሳጥን። ስልሳ ሳጥን ለመቁጠር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰዓቱን አይቼ አውቃለሁ፣ አውቄ ዝም ብያለሁ።

ሰው ሁሉ ስለ ጥቃት ሲያወራ አንጀቱ የሚንሰፈሰፈው ለተማሪ ነው። በ2007 አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ተሳፍራ ተጠልፋ የሞተችው የ16 ዓመት ልጅ ወሬ ሲመጣ እኛም ሰፈር እናቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አልቅሰዋል። ይገባታል። ባር ውስጥ የምታስተናግድ ልጅ «ነካኝ» ስትል ግን መልሱ «እና ምን ፈልገሽ ገባሽ?» ነው። ይህን የሚሉት ወንዶች ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት።

ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ ምን ቀን እንደሆነ ለአገው ሰው አይነገርም። ያ ዓመት ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር 80ኛ ዓመቱን የያዘበት ነው። ከሰባት ቤት አገው ፈረስ ያለው ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ መጣ። አድዋ ለዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ ስለሆነ ፈረሱ የሚያጌጠው ከባለቤቱ በላይ ነው፤ ስሙም በክብር ይጠራል። ቤታችን የሚያስተናግዱት ልጆች ግን ስማቸውን በር ላይ አስቀምጠው ነው የሚገቡት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ለሰካራም የምትሰጥ የለችም፤ ሁሉም የቤት ስም አላቸው። ለዚህ ነው እዚህም በመጡበት አገር የምጠራቸው።

በዚያ ጥር 23 ቅዳሜ ማታ ሰው ከቤቱ ሞልቶ በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠጣ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ የዳንግላዋን ልጅ ቢራ አልቋል ብሎ ወደ ስቶር ላካት። አላለቀም ነበር፤ የቀረውን ልክ አውቀዋለሁ። ስትመለስ የዩኒፎርሟ የላይኛው ቁልፍ የለም፣ በእጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። ወደ ባንኮኒው መጥታ መስታወቱን ሁለቴ አንኳኳችና «መርፌ አለሽ?» አለችኝ። የነበረኝ የወረቀት ማያያዣ ነው፤ እሱን ሰጠኋት። በወረቀት ማያያዣ ቆልፋ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስተናገደች። እኔም ቀጥዬ ሂሳብ ተቀበልኩ።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ጓዳ ውስጥ ማንደጃ ከበን ተቀመጥን። የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ቀርቦ ነበር። የዳንግላዋ ልጅ ስልኳን አወጣች፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአክስቷ ልጅ የአዋጁን አንድ አንቀጽ በፎቶ ልኮላት ነበር። አንቀጽ 32። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው በሠራተኛው ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከፈጸመ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። የቻግኒዋ ልጅ «እኛንም ሠራተኛ ይለናል?» ብላ ጠየቀች። ይላል አልኳት። ያኔ ነው አንዷ «እኔንም በመስቀል ማግስት» ያለችው። ሌላዋ ቀጠለች። አምስቱም ተናገሩ። ከአምስቱ ሁለቱ እስከዚያች ሌሊት እርስ በርሳቸው እንኳ አልተነጋገሩም ነበር። ድንቹ ቀዘቀዘ። ደብተሩን አመጣሁ።

አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያች ሌሊት የተዘጋጀ ነገር አላየሁም። ሕግ አለ፣ አዋጁ ከወጣ ዓመት እንኳ አልሞላውም። አምስት ምስክር አለ፤ ሁሉም ባለጉዳይ። የቆጠራው ደብተር አለ፣ ማን በስንት ሰዓት ስቶር እንደገባ የሚያሳየው በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። የጎደለው አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ መሄድ ብቻ ነበር። እነሱ ማታ ሲሠሩ ያድራሉ፣ ጠዋት ቢሮ ቢሄዱ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። እኔ ግን በየጠዋቱ ባንክ ገንዘብ ለማስገባት እወጣለሁ። በቢሮው ደጃፍ ነው የማልፈው።

በማግስቱ አላደረስኩም። ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ስለቀረው «ደመወዝ ይውጣና» አልኩ። ደመወዝ ወጣ። የካቲት ሲገባ የባሩ ባለቤት እትዬ ጠራችኝ። ወሬ ሽው ብሏት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሥራሽን እናያለን፣ ታማኝ ልጅ ነሽ አለችና 300 ብር ጨመረችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ወረቀቱ በዚያን ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከ300 ብሩ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ገባ። ልጆቹ በየማታው «ሰጠሽው?» ይሉኛል። «ነገ» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ሥጋ ሲቀር ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ተረጋግቼ እሄዳለሁ አልኩ። ለእያንዳንዱ ነገ ምክንያት ነበረኝ፤ ሁሉም ምክንያት እውነት ነበር። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

ሁዳዴ የካቲት 16 ሰኞ ገባ። ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አሻራው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «መቼ ነው የተፈጸመው?» አለ። ጥር 23 አልኩት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አወረደና በእስክሪብቶው ጫፍ፣ ሳይጽፍ፣ እየነካ ቆጠረ። ሰኞ ጥር 25 አንድ። እሑዶቹን ዘለላቸው። የካቲት 11 ረቡዕ ላይ ሲደርስ «አሥራ አምስት» አለና እስክሪብቶውን አሳረፈ። ቅዳሜን ዘልሎ እንደገና ቆጠረልኝ፤ የካቲት 13 ዓርብ ላይ ቆመ። «በየትኛውም ብንቆጥረው አልፏል እኅቴ» አለ። ከዚያ አዋጁን ከፍቶ አሳየኝ። አንቀጽ 33፤ በአንቀጽ 32 መሠረት ሥራ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ከ32 ቀጥሎ ያለው ነው። የአክስቷ ልጅ የላከው ፎቶ አንቀጽ 32 ላይ ያልቃል፤ ቀጥሎ ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሰውየው ደግ ነበር። ሌላ በር አለ አለኝ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በአሠሪነቱ ወይም በሥልጣኑ ተጠቅሞ በሴት ላይ ወሲብ ወይም ሌላ አሳፋሪ ድርጊት የሚፈጽምን ሰው ይቀጣል፤ ግን ተበዳይዋ ራሷ አቤት ስትል ነው፣ አቤት ለማለትም ሦስት ወር አላት። እስከ ሚያዝያ ጊዜ ነበረን ማለት ነው። ሦስት ወር ብዙ መሰለኝ። ብዙ ስለመሰለኝ እንደገና ዘገየሁ። ይህንን ሁለተኛውን መዘግየት ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ለልጆቹ ያን ማታ የነገርኳቸው «አልተቀበሉንም» ብዬ ነው። ያለፈው ቀን በማን እጅ እንዳለፈ አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 4 ቀን ኮሮና አዲስ አበባ መግባቱ ተነገረ። መጋቢት 22 ደግሞ በክልላችን በሽታው ተገኘ ተብሎ ባሕር ዳር፣ ኢንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን ተዘጉ። መናኸሪያው ጭር አለ። ባሩ ከዚያ ቀናት ቀድሞ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በሩን ቆልፎ ነበር። የሠራተኛ ማደሪያው የቤቱ ስለሆነ ልጆቹ መንገዱ ሳይዘጋ በፊት በነበሩት ቀናት ተበተኑ፤ አንዷ ወደ ቻግኒ፣ አንዷ ወደ ዳንግላ፣ ሁለቱ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም። የቲሊሏ ልጅ በስልክ አንድ ጊዜ አግኝታኝ «ወረቀቱ ደኅና ነው?» አለችኝ። እንደ ታመመ ሰው ነው የጠየቀችው። ደኅና ነው አልኳት። ሚያዝያ 23 አለፈ።

በ2014 ዳንግላ ሄድኩ፣ ለሌላ ጉዳይ። ከኢንጅባራ አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሚኒባስ አዲስ ቅዳምን አልፎ ያኔ ቶሎ ይደረስ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ በላስቲክ በተከለለች ጥግ ቡና የምታፈላ ሴት አየሁ። የዳንግላዋ ልጅ ናት። አቅፋ ሳመችኝ። በርጩማ ሰጠችኝ፣ ቡና መቁላት ጀመረች። አንዱ ሾፌር በዚያ ሲያልፍ «ማሚ» አላት፤ ቀና ሳትል «ስኒህን አምጣና ክፈል» አለችው፣ ከፈለ።

ቡናው ሲንጣጣ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ እኮ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ያን ሁሉ ጽፈን፣ አምስታችንም ፈርመን፣ አንብበው ናቁን። የቡና ቤት ሴቶች ናቸው ብለው ናቁን እያልኩ ነበር የማስበው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የኖረችው። የናቃት ቢሮው መስሏታል።

ነገርኳት። የቦርሳዬን፣ የ300 ብሩን፣ የቀን መቁጠሪያውን፣ ሁሉንም። መቁላቷን አላቆመችም። ጭሱን ወደ እኔ አዙራ አሸተተችኝ፣ እንደ ደንቡ። ከዚያ «አሥራ አምስት ቀን መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለች።

«አላውቅም ነበር።»

«ብታውቂውስ?»

አቦሉን ቀዳችልኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ፊርማዋን አየች፣ የቲሊሏን ልጅ ጣት አየች፣ አጥፋ መለሰችልኝ። «አንቺው ያዢው» አለች።

አምስቱ ሴቶች ለመናገር አራት ቀን ነው የፈጀባቸው። አሥራ ዘጠኝ ቀን የፈጀብኝ እኔ ነኝ፤ ያውም በየቀኑ በቢሮው ደጃፍ እያለፍኩ። ወረቀቱ አሁንም ቤቴ አለ። ለእኅታችሁ፣ ለአክስታችሁ ልጅ፣ ማታ ለምትሠራ ማንኛዋም ሴት አንቀጽ 32ን በስልክ የምትልኩ ካላችሁ፣ እባካችሁ 33ንም አብራችሁ ላኩላት።